ባንኮክ ሄደን ያመጣነው መጋረጃ

እናቴ የተሳለችው በእኔ እግር ነው።

ኦበርን አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ስሠራ ከላይ የተደረደረ ዕቃ የተጫነበት ፓሌት ተንሸራቶ መጣና እግሬ ላይ ቁጭ አለ። ሆስፒታል ዶክተሩ «እንደ ድሮው ላይራመድ ይችላል» ሲል እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ዶክተሩን እሰድባለሁ፣ እሷ ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትሳላለች። «እመቤቴ፣ ልጄን በእግሩ ካቆምሽልኝ ለመቅደስሽ መጋረጃ አስገባለሁ።» ማንንም አላማከረችም፣ እኔን ራሱ አልጠየቀችኝም። እግሩ የኔ፣ ስለቱ የሷ።

ቆምኩ። ዝናብ ሲሆን ትንሽ ያስነክሰኛል፣ ሲያትል ውስጥ ዝናብ የማይሆነው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ግን ቆምኩ። ሶ ስለቱ መግባት ነበረበት።

መጋረጃ ያለችው ዝም ብላ አይደለም። ቤተክርስቲያናችን ድሮ የፈረንጅ ቸርች የነበረ ህንፃ ነው። የማሞቂያው ቀዳዳ ያለው ልክ አሁን መቅደስ ካደረግነው ቦታ ፊት፣ መሬቱ ላይ ነው። ብርድ ሲመጣ ማሞቂያው ግርርር ብሎ በተነሳ ቁጥር መጋረጃው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ውስጡ ይታያል፣ እናቶች ዓይናቸውን ይሰብራሉ፣ አንዱ ዲያቆን ሮጦ ጫፉን ይይዛል። በብርድ ወራት የኛ ቅዳሴ ግማሹ ጸሎት ነው፣ ግማሹ መጋረጃ መያዝ።

እናቴ ደግሞ ጨርቅ ሳትዳብስ ገዝታ አታውቅም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሃል አድርጋ ካላሸችው ለሷ ጨርቅ አይባልም። ኦንላይን ላሳያት ስልኬን ስሰጣት ስክሪኑን ታሸዋለች፣ ገጹ ይሸሻታል፣ «አየኸው? ሳልገዛው አመለጠኝ» ትላለች። ሲያትልን ከላይ እስከ ታች አካለልናት። አንዱ ሳሳ፣ ሌላው የሆቴል ሻወር መሰለ። በመጨረሻ ቼሪ መንገድ ላይ ልብስ የምትሸጥ የቤተክርስቲያን ጓደኛዋ «ባንኮክ ሂዱ፣ የጨርቅ አገር እሱ ነው፣ እኔም ከዛ ነው የማመጣው» አለቻት። እናቴ ባንኮክ የት ነው ብላ እንኳን አልጠየቀችም። ለኅዳር ጽዮን ንግሥ መጋረጃው መሰቀል አለበት ብላ ቆርጣለች። «ቲኬት ቁረጥ» አለችኝ፣ ልክ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ድረስ እንደሚኬድ።

እኔ ከተማ የማደንቅ ሰው አይደለሁም። ሰማዩ ሲጠራ ሰው ሁሉ ተራራውን እያሳየ «ዋው» ሲል «እሺ፣ ተራራ ነው፣ ትላንትም እዛው ነበር» ነው የምለው። ባንኮክ ግን አፌን አስያዘችኝ። ከኤርፖርቱ ስንወጣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። መንገዱ ላይ ሞተር፣ አውቶቡስ፣ ቱክቱክ የሚሉት ባጃጅ፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይፈሳል፣ ጥሩንባ የሚነፋ የለም። የኛ አይ ፋይቭ ሀይዌይ ላይ የዚህን ግማሽ ብትጨምርበት ሰው ከመኪና ወርዶ ይቧቀሳል። አንዲት ሴት በሚበር ሞተር ኋላ በጎን ተቀምጣ ኩል ስትኳል አየሁ። ሞተሩ ባጃጅና አውቶቡስ መሃል ሾልኮ ያልፋል፣ ኩሉ አይስትም። እናቴን «አየሻት?» ስላት «እኔማ ቆሜም እንዲህ አይወጣልኝም» አለች።

ጠዋት በቀጥታ ወደ ጨርቁ እንሂድ አለች። እኔ እምቢ አልኩ። «እማ፣ ግማሽ ዓለም ዞረን መጥተን ጨርቅ ይዘን ልንመለስ ነው? ዛሬ እናያለን፣ ነገ እንገዛለን።» አጉረመረመች፣ ግን ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች።

ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ጠባቂው ቁምጣዬን አየና በእጁ መለሰኝ። ልጣላው አፌን ስከፍት እናቴ ከኋላ «ደግ አደረገ! ቤተ መንግሥት በግልገል ሱሪ ይገባል?» አለች። ማዶ ካለችው ሱቅ ዝሆን የተሳለበት ሰፊ ሱሪ ገዛሁ። ለብሼው ኦበርን የሚያውቁኝ ልጆች ቢያዩኝ ሥራ ለቅቄ ነበር የምጠፋው። እናቴ ፎቶ አነሳችኝና ሳትነግረኝ ለአክስቶቼ ሁሉ ላከችው።

ግን ውስጡ። ወርቁን ስንት ጊዜ አይቼ ስንት ጊዜ ዓይኔን እንዳሸሁ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያሉት ቁርጥራጭ መስታወቶች አንድ በአንድ በእጅ የተለጠፉ ናቸው። አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ቆሞ የወደቀውን እየለየ መልሶ ይለጥፋል። ሱፐርቫይዘር አጠገቡ የለም፣ «ፈጠን በል» የሚል ስካነር ክንዱ ላይ አልታሰረም። የጥፍር ታህል መስታወት ያነሳል፣ ያያል፣ ያዞራል፣ ያስቀምጣል። በሕይወቴ እንደዛ እንድሠራ የፈቀደልኝ ሰው የለም። እግሬ እስኪያመኝ ቆሜ አየሁት።

ከዛ እየተራመድን ዋት ፖ ደረስን፣ ትልቁ የተኛ ቡድሃ ያለበት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ሕጉ ጫማ አውልቁ ነው። ተሰለፍን። እናቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ደረጃውን ወጣች፣ በሩ ጋ ስትደርስ አማተበች፣ ጎንበስ አለችና የበሩን መቃን ሳመች። በከንፈሯ፣ ከዛ በግንባሯ። አርባ ምናምን ዓመት እንደለመደችው። ልይዛት እጄን ስዘረጋ አልቆ ነበር። ከኋላዋ የነበረችው ቱሪስት የቦታው ሕግ መስሏት እሷም ጎንበስ ብላ ሳመችው። ከሷ ኋላ ያለውም ባሏ።

እናቴ ቀና አለች። ከፊቷ ያለው ከዚህ እስከዚያ የተጋደመ ወርቅ ነው፣ ፊቱ ብቻ አንድ ክፍል ያክላል።

«ይሄ ማነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ቡድሃ ነው እማ።»

«የማን በር ነው የሳምኩት?»

«የሱ ነዋ።»

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ ልጄ! ጣዖት ተሳለምኩ!»

በሩ ጋ የቆመው ሽማግሌ ጠባቂ ስታማትብ፣ ስትስም፣ አሁን ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትንቀጠቀጥ አይቶ በእምነት የተነካች መስላዋለች። ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት። እንደ መርፌ ነው የወጋት። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ሰው እየገፋች በመጣንበት ወጣች።

ዛፍ ሥር ተቀምጣ ከንፈሯን በውሃ ታጥባለች። እኔ ሳቄ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

«አንተ ነህ! አንተ ነህ ያመጣኸኝ!»

«እኔ እዪ አልኩሽ እንጂ ሳሚ አልኩሽ?»

«ጫማ አውልቂ አልከኝ! ጫማዬን ካወለቅኩ እግሬ ቤተክርስቲያን የደረስኩ ነው የሚመስለው። እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም፣ ተይው በቃ።»

«እንዴት ነው የምተወው? ነገ በየትኛው እጄ ነው የመቅደስ ጨርቅ የምይዘው? በየትኛው አፌ ነው እመቤቴ ተቀበይኝ የምለው?»

ሳቄ ጠፋ። የምሯን ነው። ሆቴል ስንገባ ሻንጣዋ ውስጥ በሻምፖ ጠርሙስ ያመጣችውን ጠበል አውጥታ ፊቷን ረጨች፣ ለኔም ረጨችኝ፣ ዝሆኑ ሱሪዬ ላይ ሳይቀር። ከዛ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መልሳ ማጠፍ ጀመረች። ጨርቁን አልገዛም፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፣ ስለቱ ረክሷል፣ አለች።

ያኔ ነው የተናደድኩት። በቡድሃው አይደለም፣ በሷም አይደለም። ይሄ ሰውዬ ተኝቷል፣ ማንንም አልነካም። የተናደድኩት ስለቱ የኔ እግር ስለሆነ ነው። እሷ ባዶ እጇን ከተመለሰች እኔ በሄድኩበት ሁሉ «ያልተከፈለበት እግር» ይዤ ነው የምሄደው፣ እሷም ባነከስኩ ቁጥር እሱን ነው የምታየው። «የንስሐ አባትሽ ይወስኑ። ነገ ጠዋት ኮል እናደርጋለን» አልኳት። በዚህ ተስማማች፣ ሻንጣውን ግን አልፈታችም።

ጠዋት ደወልን፣ እዛ ሲያትል ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ስፒከር ላይ አደረኩት።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ቆይ አንዴ፣ ፓርክ ላድርግ።»

ፓርክ አደረጉ። ነገረቻቸው፣ ቱሪስቶቹ እንኳን አልቀሩም። ከስልኩ እንደ ሳል የሚመስል ነገር ተሰማ፣ ሳል ግን አልነበረም።

«ስትሳለሚ ማንን ብለሽ ነው?»

«እመቤቴን ብዬ ነዋ አባቴ፣ ማንን ልል!»

«እሺ። እሷ የት እንዳለሽ ታውቃለች። ግን ሳያዩ መሳለምም ጥፋት ነው። አንድ ሱባኤ፣ ሰባት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ትሰግጃለሽ። እስክትጨርሺ ለመቅደስ የሚሆነውን ጨርቅ በእጅሽ አትነኪም።»

«እንግዲያው ማን ሊመርጥ ነው? ንግሡ ደርሷል'ኮ!»

«ልጅሽ የለም እዛ?»

«እሱ? አባቴ፣ እሱ ስለ ጨርቅ ምን ያውቃል? አሁን የለበሰውን ሱሪ ቢያዩት...»

«ስለቱ ስለ ማን ነው?»

«ስለሱ።»

«በቃ፣ ይመርጣላ።»

ስልኩ ተዘጋ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እንደዛ አይታኝ አታውቅም፣ ልክ ገበያ ላይ የቆመ ነገር እንደምታይ።

ፓሁራት የጨርቅ ሰፈሩ ነው፣ ከጎኑ ሳምፔንግ የሚባል ጠባብ ሰፈር አለ። እንግዲህ ገበያ ካላችሁ ይሄ ነው። የኛ ሲያትል ዓሣ የሚወራወሩበትን ገበያ ለማየት ሰው ከየአገሩ ይመጣል፣ ሁለት ሰው ዓሣ ሲቀባበል ያጨበጭባል። ሳምፔንግ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት መንገድ ላይ ጥቅል ጨርቅ እስከ ራሱ የተቆለለ ጋሪ እየገፋ አንዱ ይመጣል፣ ከፊት ለፊቱ ሞተር ይመጣል፣ መሃል ላይ አንዲት ሴትዮ ሾርባ ትሸጣለች። አሁን ተጋጩ ትላለህ። ባለጋሪው አንድ ቃል ይላል፣ ሴትዮዋ ድስቷን በእግሯ ገፋ ታደርጋለች፣ ሞተሩ ጠጋ ይላል፣ ሁሉም ያልፋል፣ ሾርባው አልተደፋም። እኔ ፎርክሊፍት ነድቻለሁ። ቢጫ መስመር ተሰምሮልኝ፣ መስታወት ተሰቅሎልኝ፣ ፊሽካ ተሰጥቶኝ፣ ይሄው እግሬ። እነሱ መስመር የላቸውም። ቆሜ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላቸው ነበር።

እናቴ ሁለት እጇን ነጠላዋ ሥር ቀብራ ትከተለኛለች። ሁለት በኩል አዝራር፣ ጥልፍ፣ ሪባን፣ ሐር፣ ከጣሪያ እስከ መሬት ተሰቅሎ ይጠራታል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ቦታ አይታ አታውቅም፣ አንዱንም መንካት አትችልም። የከለከሏት የመቅደሱን ጨርቅ ነበር፣ እሷ ግን የቱ እንደሚሆን ስላላወቀች ሁሉንም ተወች። አንድ ጊዜ ነጠላዋ ሥር ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ ባዶ አየር ያሻሉ።

የገባንበት ሱቅ ባለቤት ጥምጣም ያደረጉ ሽበታም ህንዳዊ ናቸው። እናቴ ጥምጣሙን ስታይ ግንባሯ ዝቅ ማለት ጀመረ፣ መስቀል ልትጠብቅ ነው። መሃል ላይ ነቃችና ቀጥ አለች። «የለም፣ ዛሬስ ማንንም አልሳለምም» አለች። እኔ በሳቅ ጨርቁ ላይ ወደቅኩ። ሽማግሌው «እናትህ ምን አሉ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «አክብራዎት ነው» አልኳቸው።

የምንፈልገውን ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ጥቅሉን እየወረወሩ ይዘረጉታል፣ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ እንደ ወንዝ ይሮጣል። እናቴ በአገጯ ታሳየኛለች።

«ያንን። አብረቅራቂውን። ግምጃውን።»

ወርቅማ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። በእጄ ሳነሳው ግን ምንም አልያዝኩም፣ እንደ ጭስ ነው። አጠገቡ ጥቁር ቀይ ከፋይ አለ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ አበባ የተጠለፈበት። ሁለት እጄን ከሥሩ አግብቼ አነሳሁት። ከበደኝ። ወዲያው ማሞቂያችን ጆሮዬ ላይ ግርርር አለ።

ሱቁ ጥግ ላይ ትልቅ ቬንቲሌተር ይዞራል። ግምጃውን ፊቱ ያዝኩት፣ ተነስቶ ፊቴን ሸፈነኝ። ከፋዩን ያዝኩት። ጫፉ ትንሽ አሰበበትና ተወው።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«የቱ ነው ይሄ? ከፋይ? ከፋይ የሶፋ ነው!»

«እማ፣ ማሞቂያውን አስቢ። ያኛው ይበራል።»

«ያኛው ያበራል! ለእመቤቴ የሚያበራ ነው የተሳልኩት።»

«የሚያበራ ነገር ነፋስ ከገለጠው ምን ሊሠራ ነው? መጋረጃ አይደል? መጋረጃ ይጋርድ!»

ድምፃችን ከፍ አለ። ሽማግሌው ሁለታችንንም እያዩ ወንበር አምጥተው ለእናቴ አስቀመጡላት፣ ቀዝቃዛ ሻይም ጨመሩላት። ሻዩን ለመያዝ እጇን ከነጠላዋ አወጣች፣ ከፋዩ ከጉልበቷ ስንዝር ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ብትዘረጋ ትደርስበታለች። አንድ ጊዜ ብታሸው እኔ ልክ ልሁን አልሁን ወዲያው ታውቀው ነበር። አየችው፣ ሻዩን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።

«እንደፈለግክ» አለች። «አባቴ አንተ ምረጥ ብለዋል። የሶፋ ጨርቅ ከሆነ ግን ንግሥ ለት ፊቴን የት እንደማደርገው እኔ አላውቅም።»

አስቆረጥኩት።

ከዛ በኋላ አኩርፋኛለች። ከሰዓት በወንዙ ላይ በጀልባ ስንሄድ ማዶ ያለውን ረጅሙን የቡድሃ መቅደስ ማማ ዓይኗ ሳይወድ በግድ ያዘው፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ስልኬ ላይ አነበብኩላት፣ ሽፋኑ ብዙው የተሰባበረ ሳህንና ስኒ ነው፣ ለቅመው አበባ አድርገው ለጥፈውት። «የተሰበረ ሳህን?» አለች። ኩርፊያዋን ረሳችው። «እኛ የምንጥለውን?» ከዛ ትዝ አላትና ፊቷን መለሰች። «ከሩቅ ያምራል። ቅርብ አንሄድም።» ማታ የአበባ ገበያው ውስጥ ስናልፍ ሴቶቹ ቢጫ አበባ በክር ሲሰኩ፣ እጃቸውን ሳያዩ እርስ በርስ ሲሳሳቁ፣ እናቴ ብዙ ቆማ አየቻቸው። ጠዋት ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ ስትሰግድ እኔ እግሬን አጥፌ አልጋ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ጨርቁን እኔ ነኝ አውሮፕላን ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤ የመጣሁት።

ሲያትል ስንደርስ ሱባኤው አላለቀም፣ ንግሡ ደግሞ ቀርቧል። ሶ ጨርቁ ከኤርፖርት በቀጥታ ቤተክርስቲያን ገባ። ልብስ የሚሰፉ ዲያቆን ሰፉት፣ ተባረከ፣ ተሰቀለ። ከተባረከ በኋላ ደግሞ ከካህናቱ በቀር ማንም አይነካውም። እናቴ ሱባኤዋን ስትጨርስ መጋረጃው ከእጇ አልፎ ነበር።

የንግሡ ለት ውጪው ዝናብ ነው። በሴቶቹ በኩል ከፊት ቆማለች፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ሰው ሁሉ «አማረ፣ አማረ» ብሏታል፣ እሷ ግን «ሰው ደግ ስለሆነ ነው» ነው ያለችው። እኔ በወንዶቹ በኩል ምሰሶ ተደግፌ ማሞቂያውን እጠብቃለሁ። ሥራ ኢንተርቪው ላይ እንኳን እንደዛ ላብ አላላበኝም።

ግርርር አለ።

ዲያቆኑ በልማድ ሮጠ። እጁን ዘርግቶ መጋረጃው ጋ ደረሰ፣ ቆመ። መጋረጃው ቆሟል፣ እሱም ቆሟል። እጁን ምን እንደሚያደርገው አጥቶ ቀስ ብሎ ቀሚሱን አስተካከለና ተመለሰ። እናቴ ቀና አለች። መጋረጃውን አየች፣ ከዛ በሰው ራስ ላይ አሻግራ እኔን ፈለገችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ ግን ይስቃል።

ስንወጣ በሩ ጋ ቆመች። አሁን አሁን ቀና ብላ መስቀሉን ሳታይ አትሳለምም። አየች፣ ሳመች፣ መጣች። በመኪና ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈርን አለፍን።

«እስቲ ንገረኝ» አለችኝ በኋላ። «በእጅ ሲይዙት እንዴት ነው?»

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። መንገዱን እያየሁ አሰብኩ።

«ወደ ታች ስትዳብሺው እሺ ይላል፣ ይለሰልሳል። ወደ ላይ ስትዳብሺው እምቢ ይልሻል፣ ይሻክራል። አንድ ጨርቅ ነው ግን።»

አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ጉልበቷ ላይ ቀስ አድርጋ አሸች።

«አወቅኩት» አለች። «አንተን ነው የሰቀሉት በለኛ።»